ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከቡሬ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገበሬዎች ሁለገብ ኅብረት ሥራ ማኅበር በሂሳብ ሠራተኝነት ስቀጠር የማኅበሩ ሀብት በሦስት ቦታ ይመዘገብ ነበር፤ ካርኒው ከገንዘብ ያዧ እጅ፣ ቢን ካርዱ ከመጋዘኑ፣ ባሕር መዝገቡ ደግሞ ከጽሕፈት ቤቱ ካዝና። አንድ አባል ስንት ዕጣ እንደገዛ፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደወሰደና ስንት ኩንታል በቆሎ እንዳስገባ ለማወቅ ሦስቱን ማመሳከር ግድ ይል ነበር። ሥራው አድካሚ ነው። ነገር ግን ሁሉም ለዓይን የተገለጠ ነበር። የተሳሳተ ቁጥር እንኳ መስመር ተሰምሮበት፣ ከጎኑ ፊርማ አርፎበት፣ ማን መቼ እንዳረመው እየመሰከረ እዚያው ይቀመጣል። ያ ባሕር መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ይህን ጠባዩን ይዞ እንዲገባ የደከምንበትን ጊዜ ነው ዛሬ የማስታውሰው።

አገሩን የሚያውቅ የሥራውን ብዛት ይገምታል። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው በክረምት ግራና ቀኝ የሚያየው በቆሎ ነው። ማንኩሳ የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርባት ስለሆነች አገሬውም እንግዳውም ስሟን ያነሣል። ከቡሬ አንዱ መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምቴ ይገባል፤ ሌላው ወደ ወንበርማ፣ ወደ ሽንዲ ይታጠፋል። ቡሬም ወንበርማም በበርበሬያቸው የታወቁ ናቸው። ጤፉና ዳጉሳውም አለ። ይህ ሁሉ እርሻ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይፈልጋል። በቆሎ በግንቦት ስለሚዘራ ዳፕና ዩሪያ የጫኑ መኪኖች አስቀድመው መራገፍ አለባቸው። ዝናቡ ጣል ሲያደርግ የማኅበሩ ግቢ ከንጋት ጀምሮ በሰውና በአህያ ይሞላል። ያን ጊዜ ወረፋው የሚፈጥነውም የሚዘገየውም በጸሐፊው እጅ ነው።

ማኅበሩ አንድ ኮምፒውተር ያገኘው በዚያው ሰሞን ነው፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት፣ ኦፊስ 2003 ያለው፣ ወፍራም ስክሪን ያለው። በዚያ ዘመን ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ማሠልጠኛ የገባ ወጣት ሁሉ ዊንዶውስ፣ ወርድ፣ ኤክሴል፣ አክሰስ፣ ፒችትሪ እያለ የተማረውን ይቆጥር ነበር። የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች በጀትና ወጪያቸውን የሚይዙበት አይቤክስ የተባለ የመንግሥት ሥርዓት ነበራቸው። ለገጠር ኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ልኩን አይቶ የሰፋለት አልነበረም። ፒችትሪ ጠንካራ የሂሳብ ፕሮግራም ነው፤ ቋንቋው ግን እንግሊዝኛ፣ ዘመን አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነው። የእኛ ገንዘብ ያዥ በአማርኛ የምትሠራ፣ የበጀት ዓመቷን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የምትቆጥር ሴት ነበረች። ስለዚህ ዓይናችን ኤክሴል ላይ ዐረፈ።

ኤክሴል ራሱ የተወለደው ከሂሳብ ሰው ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክን ለገበያ ሲያቀርቡ ሂሳብ ሠራተኞች በእርሳስ የሚሞሉትን ባለብዙ ዓምድ ወረቀት ወደ ስክሪን ማምጣታቸው ነበር። ብሪክሊን ሐሳቡ የመጣለት በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ነው። ኤክሴል በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ለዊንዶውስ ወጣ። በ1993 ደግሞ ቪቢኤ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በውስጡ ገባ። ለእኛ ትልቁ በር ይህ የመጨረሻው ነበር፤ ሰንጠረዡ ከመደመርና ከማባዛት አልፎ በተን ሲጫን የሚታዘዝ፣ ጥያቄ የሚጠይቅ፣ የማይሆነውን አይሆንም የሚል ነገር ሊሆን ቻለ።

ለምን እንዲህ አስፈለገ? የኤክሴል 2003 አንድ ሺት 65,536 ረድፍና 256 ዓምድ አለው፤ ሲባዛ ከ16 ሚሊዮን በላይ ሴል ነው። አጥር የሌለው ማሳ ከብት እንደሚገባበት ሁሉ፣ ክፍት ሰንጠረዥም ያልታሰበ ጣት ይገባበታል። ፎርሙላ ያለበት ሴል ላይ አንድ ቁጥር ከተጻፈ ፎርሙላው ይጠፋል፤ ድምሩ ግን ልክ መስሎ ይቀመጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የስም ዓምድ ብቻ ተመርጦ በፊደል ተራ ሲደረደር ነው። ስሞቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ብሩ ባለበት ይቀራል፤ የአንዱ ገበሬ ዕዳ ለጎረቤቱ ይተርፋል። በወረፋ ሰዓት፣ ከጠረጴዛው ማዶ ሰው ቆሞ እየጠበቀ፣ እንዲህ ያለውን አደጋ በጥንቃቄ ብቻ ማምለጥ አይቻልም። የገንዘብ ያዧ ሥራ ገንዘብ መቀበልና ደረሰኝ መስጠት ነው። ከ16 ሚሊዮን ሴል የሚያስፈልጋት ጥቂት ሣጥኖች ብቻ ናቸው፤ የአባል ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛቱ፣ የተከፈለው ብር።

ስለዚህ ሰንጠረዡን ሰንጠረዥ እንዳይመስል ማድረግ ጀመርን። ፋይሉ ሲከፈት ወዲያው የሚሠራ ማክሮ ሜኑውንና ቱልባሩን ይሰውራል፤ የፎርሙላ መስመሩን፣ የዓምዶቹን ፊደልና የረድፎቹን ቁጥር፣ ከታች ያሉትን የሺት ስሞች ሁሉ ያነሣል። ከዚያ ኤክሴል ራሱ ከዓይን ይሰወርና መሐል ላይ አንድ ቅጽ ብቻ ይቀራል፤ «አዲስ አባል»፣ «ሽያጭ»፣ «ምርት መቀበያ»፣ «ሪፖርት»፣ «ውጣ» የሚሉ በተኖች ያሉበት። ዴስክቶፑ ላይ ያስቀመጥነው ምልክት የበቆሎ እሸት ሥዕል ነበረው። ሁለቴ ሲጫኑት የማኅበሩ ፕሮግራም ይከፈታል፤ ኤክሴል የሚባል ስም የትም አይታይም። የሂሳብ ሺቶቹ ደግሞ «ቬሪ ሂድን» በሚባለው ደረጃ ተሰውረዋል፤ ይህ ማለት በተራው ሜኑ «ደብቅ፣ አሳይ» በሚለው ትእዛዝ ተመልሰው አይወጡም፤ በቪቢኤ በኩል የመጣ ሰው ብቻ ያወጣቸዋል።

ይህን የሠራ ሁሉ የሚያውቀው አንድ መሰናክል አለ። ኦፊስ 2003 ማክሮ ያለበትን ፋይል በጥርጣሬ ነው የሚያየው፤ የጥበቃ ደረጃው ከፍ ካለ ማክሮውን ድምፅ ሳያሰማ ይዘጋዋል። ያን ጊዜ የፍላሽ ቫይረስ ከቢሮ ቢሮ ይዞር ስለነበር ጥርጣሬው ተገቢ ነው። መላው ይህ ነበር፤ ፋይሉ ሴቭ ሲደረግ ከአንድ ሺት በቀር ሁሉም ይሰወራል። የምትቀረው ሺት በትልልቅ ፊደል ማክሮ እንዴት እንደሚፈቀድ በአማርኛ ትናገራለች። ማክሮው ከተፈቀደ የመጀመሪያ ሥራው እርስዋን ሰውሮ ቅጹን ማውጣት ነው። ካልተፈቀደ ደግሞ ተጠቃሚው ምን ማድረግ እንዳለበት የምትነግረው ሺት ፊቱ ትቆያለች።

ሌላም ነበር። ሜኑ መሰወር የኤክሴሉ ጠባይ እንጂ የፋይሉ ብቻ አይደለም። ፕሮግራማችን ተከፍቶ ሳለ ሌላ ሰው የደብዳቤ አባሪ የሆነ ተራ ሰንጠረዥ ቢከፍት ያ ሰንጠረዥ ሜኑ አልባ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ የእኛ ፋይል ሲወጣም፣ ከፊት ለፊት ወደ ኋላ ሲልም፣ የሰወረውን ሁሉ እንዲመልስ ታዘዘ። የመብራቱ ነገር ደግሞ የታወቀ ነው። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ «መዝግብ» በተባለ ቁጥር ማክሮው ሴቭ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ደረሰኙን ፕሪንት ያደርጋል። በዚህ ቅደም ተከተል ላይ አልተደራደርንም። ገበሬው በእጁ የያዘው ወረቀት ኮምፒውተሩ ውስጥ የሌለ ሆኖ መገኘት የለበትም።

አማርኛን ማስገባቱ የራሱ ትግል ነበረው። ሺቶቹ ላይ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የዩኒኮድ አማርኛ በደንብ ይታያል። ቪቢኤ የሚጻፍበት መስኮት ግን የግዕዝ ፊደል አይቀበልም፤ «ክፍያው ተመዝግቧል» ብለህ ስትጽፍ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተሰልፎ ታገኛለህ። ተራው የመልእክት ሣጥንም እንዲሁ ነው። መፍትሔው አማርኛውን ሁሉ በአንዲት በተሰወረች ሺት ላይ መጻፍ ነበር፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በራሱ ሴል። ማክሮው ቃሉን ራሱ አያውቀውም፤ «ከዚህ ሴል ያለውን አምጥተህ እዚህ ላይ አውጣ» ብቻ ይባላል። ይህ አሠራር ያልታሰበ በረከት አመጣ። ገንዘብ ያዧ አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ወንድምዓለም፣ ‹ትራንዛክሽን› የሚለውን ‹ሂሳብ› በለው፤ ‹ስህተት› ብሎ ከሚጮህብኝም ‹እስቲ ብዛቱን እዪው› ይበለኝ» አለችኝ። እኔም «እሺ እታለም» ብዬ እርስዋ እያለችኝ ጻፍሁ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ የሚናገረው በእርስዋ አንደበት ነበር።

ቀኑም ለብቻው ሥራ ፈለገ። ኤክሴል ቀንን የሚያውቀው ከፈረንጆች 1900 መጀመሪያ ጀምሮ እየቆጠረ በሚሰጠው ተራ ቁጥር ነው፤ ጳጉሜን የሚባል ወር አያውቅም፣ የካቲት 30 ብትለው ደግሞ ቀን ነው ብሎ አይቀበልህም። እኛ ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚሉ ሦስት ሣጥኖች አደረግን፤ የወሩ ሣጥን ሲነካ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ዐሥራ ሦስቱም ይዘረገፋሉ። ከበስተጀርባ ያለው ስሌት ይህ ነው፤ ከዓመቱ 1 ቀንሶ በ365 ማባዛት፣ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ሙሉ ቁጥሩን መደመር፣ ያለፉትን ወሮች በ30 አባዝቶ መደመር፣ ቀኑን መደመር፣ ከድምሩ 690,799 መቀነስ። መስከረም 1 ቀን 2000 በዚህ መንገድ 39,337 ይሆናል፤ ኤክሴል ለዚያው ዕለት፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007፣ የሚሰጠው ቁጥርም 39,337 ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው።

ከአባሎቻችን አንዱ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ባሕረ ሐሳብ የተማሩ። ወንበር ስቤላቸው ከስክሪኑ ፊት ተቀመጡና ዓመት እየጠሩ ጳጉሜኗን ያስወጡኝ ጀመር። «ሉቃስ ነው፤ ስድስት በል» ይላሉ፤ ሣጥኑ ስድስትን ይቀበላል። «ዮሐንስ ነው» ይላሉ፤ ስድስትን እምቢ ይላል። 2003 ላይ ሲደርሱ በጣታቸው ቆጥረው ሉቃስ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ቀኑ ስሌት የሚጠይቀኝ አባል ሲመጣ እርሳቸው እንዳዩት እነግረዋለሁ፤ ይህ ለአገሬው በቂ ማስረጃ ነበር።

ስም ፍለጋም እንዲሁ ቀላል አልነበረም። የአባላቱ ስም በተለያየ ሰው፣ በተለያየ ጊዜ ተጽፎ ነበር። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለአንባቢ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ሰው ነው። ሠናይትና ሰናይት፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይ ሁሉም እንዲሁ። ስሙን ባለቤቱ ከሚጽፍበት ፊደል መለወጥ አይገባም፤ ካርኒው ላይም ዕጣው ላይም እንደዚያው ሰፍሯል። ስለዚህ ከስሙ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተሰወረ ዓምድ አበጀን። በዩኒኮድ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ የሠ ቤት 16 ሲደመርበት የሰ ቤት ይሆናል፣ ከሐ ቤት 16 ሲቀነስ ወደ ሀ ይመጣል፣ ከፀ ቤት 8 ሲቀነስ ጸ ይሆናል። ማክሮው ስሙን በዚህና በመሰል መንገድ አቅልሎ ይይዘዋል፤ የተጠየቀውንም እንዲሁ አቅልሎ ያስተያያል። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን ሰውየው እንደተመዘገበበት ነው። አባት በአባት፣ አያት በአያት የሚመሳሰሉ ብዙዎች ስለነበሩ የመጨረሻው ማረጋገጫ የአባልነት ቁጥር ነበር።

እዚህ ድረስ ያወራሁት ለመሥሪያ ቤቱ የተሠራውን ነው። ፕሮግራሙን ከሁሉ ይልቅ የለወጠው ከጠረጴዛው ማዶ የመጣ ጥያቄ ነበር። የትርፍ ክፍፍል ሰሞን አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ የተሰጣቸውን ወረቀት ለልጅ ልጃቸው አስነብበው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ይህ ቁጥር ከየት መጣ?»

«አባቴ፣ ኮምፒውተሩ ያሰላው ነው።»

«ኮምፒውተሩንስ ማን ነገረው?»

ጥያቄው የቁጣ አልነበረም። ጎጃም ውስጥ ግን ይህ ጥያቄ ሥሩ ጥልቅ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ የጎጃም ገበሬ፣ ዳሞትም ጭምር፣ የተነሣው የግብሩ መጠን ከብዶት ብቻ አልነበረም። ገማች መጥቶ ማሳውን አይቶ የሚያወጣው ቁጥር ከየት እንደመጣ ስላልታወቀ፣ መሬቱን ለመንጠቅ የሚደረግ ልኬታ መስሎም ስለታየ ነው። ራሱን የማይገልጥ ቁጥር በዚህ አገር እምነት አያገኝም። እኔ ደግሞ ስሌቱን ሁሉ ከማንም ዓይን ሰውሬዋለሁ፤ የሰወርሁበት ምክንያት እንዳይበላሽ ነው። ሽማግሌው የጠየቁት ስሌቱን ለመንካት አይደለም፣ ለማየት ነው። መጠበቅና መከልከል ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ያን ዕለት ሰንጠረዡ ላይ ማሳየት አስፈለገ።

ቅጹ ላይ አንድ በተን ጨመርን፤ «እንዴት ተሰላ?» የሚል። የአባሉን ቁጥር አስገብተህ ስትጫነው ስሌቱን ከነመንገዱ በተራ አማርኛ ይዘረዝራል። እንደ ምሳሌ ላስቀምጠው። የዓመቱ የተጣራ ትርፍ 80,000 ብር ነው እንበል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከትርፉ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ እንዲያዝ ያዝዝ ነበር፤ 24,000 ብር ይነሣና 56,000 ይቀራል። ጉባኤው ከዚህ 40 በመቶው በዕጣ፣ 60 በመቶው በተሳትፎ ይከፋፈል ብሎ ከወሰነ 22,400 ብር ለዕጣ፣ 33,600 ብር ለተሳትፎ ይሆናል። ማኅበሩ የሸጠው ዕጣ 1,400 ከሆነ ለአንዱ ዕጣ 16 ብር ይደርሰዋል። አባላት ያስገቡት በቆሎ 2,800 ኩንታል ከሆነ ለአንዱ ኩንታል 12 ብር ይደርሰዋል። አምስት ዕጣ ያለውና ዐሥራ አምስት ኩንታል ያስገባ አባል በዕጣው 80፣ በተሳትፎው 180፣ በጠቅላላው 260 ብር ይወስዳል። ወረቀቱ ላይ ይህ ሁሉ መስመር በመስመር ይወጣል፤ በቆሎውን ያስገባበት ቀንና የደረሰኙ ቁጥርም ከግርጌ ይሰፍራል።

በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ወረቀቱን ይዘው ቆሙና አንዱን አባል በፈቃዱ አስነሥተው ስሌቱን ጮክ ብለው አነበቡለት። ሰው ሁሉ በየራሱ ያሰላ ጀመር፤ ስንት ኩንታል አስገብቻለሁ፣ ስንት ዕጣ አለኝ እያለ። ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ዐሥራ አምስትን በዐሥራ ሁለት ከእኔ ቀድመው አባዙት። አንዲት ባልቴትም «እኔ ሁለት ኩንታል ቀርቶብኛል» ብለው ተነሡ። ደረሰኛቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩ፤ ከካርኒው ቀሪ ጋር ሲመሳከር በቆሎው ገብቷል፣ ወደ ኮምፒውተሩ ግን አልተላለፈም። እዚያው በጉባኤው ፊት ታረመ። እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚያገኝ ፎርሙላ የለም፤ ያገኙት መንገዱን ማየት የቻሉት ባለቤትዋ ናቸው።

ዓመታት ሲያልፉ ፕሮግራሙ የተፈተነው በሕግና በዕቃ ለውጥ ነበር። የግብርና የጡረታ መጠን፣ የማዳበሪያ ዓይነትና ዋጋ፣ የክፍፍሉ መቶኛ ሁሉ «ደንብ» ባልናት አንዲት ሺት ላይ ተጽፎ ነበር እንጂ በየፎርሙላው ውስጥ አልተቀበረም። ከ2006 ዓ.ም. በኋላ ዳፕ ለኤንፒኤስ ቦታውን ሲለቅ «ደንብ» ላይ አንድ ረድፍ ተጨመረ፤ የሽያጩ ሣጥን ራሱ አዲሱን ስም ይዞ መጣ። በሐምሌ 2008 አዋጅ ቁጥር 979 በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 286/1994 ፈንታ ሲተካ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ150 ወደ 600 ብር ከፍ አለ። 1,000 ብር የሚከፈለው ሰው ግብሩ ከ102 ብር ከ50 ወደ 40 ብር ወረደ። ሰንጠረዡን ለማስተካከል ጥቂት ሴሎችን መለወጥ በቃ። የዘበኞቹንና የመጋዘን ሠራተኛውን ፔይሮል ስንሠራ ማክሮውን የነካው ማንም አልነበረም። «ደንብ»ን ለመክፈት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ሰብሳቢውና ሂሳብ ሹሙ አብረው ሲገኙ ብቻ ይለወጣል፤ የተለወጠበት ቀንና ምክንያትም ከጎኑ ይጻፋል። በቀይ ቀለም ተሰርዞ ፊርማ የሚያርፍበት የባሕር መዝገብ ልማድ እንዲህ ሆኖ ቀጠለ።

ቁልፉን በተመለከተም ቁርጥ ያለ ውሳኔ ወሰድን። የኤክሴል 2003 የሺት ፓስወርድ ያልታሰበ ጣትን ያቆማል፤ ቆርጦ የመጣን ሰው አያቆምም። ስለዚህ ፓስወርድን የምሥጢር ጉዳይ አድርጎ አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ማስቀመጥ ጥቅሙ ጥቂት፣ ጉዳቱ ብዙ ነው። በዚያ ዘመን በየቢሮው የሚሰማ ታሪክ ነበር፤ አንድ ጎበዝ ልጅ የሚያምር ፕሮግራም በኤክሴል ይሠራል፣ ይዘጋዋል፣ ከዚያ ዝውውር ወይም የተሻለ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል። ስልኩ ይለወጣል። አዲስ ደንብ ሲመጣ ፋይሉን የሚከፍት ይጠፋና ቢሮው ወደ ወረቀት ይመለሳል። የእኛው ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ከካዝናው ገባ። የእያንዳንዱ ሺት ሥራ፣ የእያንዳንዱ ፎርሙላ ትርጉም፣ የቀኑ ስሌት ሁሉ በአማርኛ ተጽፎ፣ ፕሪንት ተደርጎ፣ ተጠርዞ ከፖስታው ጋር ተቀመጠ። በኋላ ቦታዬን የተረከበችው ልጅ ያን ጥራዝ አንብባ የምርጥ ዘር ክፍያን የሚይዝ አዲስ ቅጽ በራስዋ ጨመረችበት። ስትደውልልኝ የጠየቀችኝ ነገር አልነበረም፤ መሥራቱን ልትነግረኝ ነበር።

ኤክሴል ገደብ እንዳለው አልክድም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሊጽፍበት አይመችም፤ መረጃው ሲበዛ ይከብደዋል። በፈረንጆቹ 2020 እንግሊዝ ውስጥ በቀድሞው የኤክሴል ፋይል ዓይነት የረድፍ ገደብ ምክንያት 15,841 የኮቪድ ተያዦች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጭ ቀርተው ነበር፤ ያችው 65,536 የምትባለው ቁጥር ናት። ዩኒየን የሚያክል ተቋም፣ ብዙ ማኅበራትን ያቀፈ፣ የተሟላ የመረጃ ቋት ያስፈልገዋል። በአንድ ቀበሌ ያለ ማኅበር ግን ልኩ ሌላ ነው፤ የራሱ ሰው ሊያየው፣ ሊያርመውና ሊያሳድገው የሚችለው መሣሪያ ከሩቅ ተገዝቶ ከሚመጣው ይሻለዋል።

ዛሬ ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለባት፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም ቴሌብር በየኪሱ ገብቷል። የገበሬው በቆሎ፣ ብድርና ማዳበሪያ በስልክና በመተግበሪያ የሚሰላበት ዘመን ነው። የሚሠሩት ወጣቶች ከእኛ እጅግ የተሻለ ተምረዋል፤ የሚሠሩትም ከእኛ እጅግ የተሻለ ነው። ስክሪኑ ይበልጥ እያማረ፣ ስሌቱ ይበልጥ እየራቀ ሲሄድ ግን የሽማግሌው ጥያቄ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። ፕሮግራም የምትሠሩ ልጆች፣ ውስጡን ሸፍኑት፤ ሽፋን ለሚሠራበት ሰው ዕረፍት ነው። ነገር ግን ብሩ የሚቆጠርለት ሰው «ከየት መጣ?» ሲል በራሱ ቋንቋ የሚመልስለት በተን ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ይኑር። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ቁልፉን ከጥራዙ ጋር ያግኘው። የማኅበሩ ገንዘብ የአባላቱ እንደሆነ ሁሉ ገንዘቡ የተሰላበት መንገድም የእነርሱው ነው።